በኮምፒዩተር መረብ የሚጋሩ የትምህርት ቤት ፋይሎች አጠባበቅ፤ ጥቅሙና ዋጋው

ኮምፒዩተር በገባባቸው ትምህርት ቤቶችና የትምህርት ጽሕፈት ቤቶች የተማሪዎች ውጤት፣ የመምህራን የግል ማኅደርና የፈተና ረቂቅ ከመሳቢያ እየወጣ በአንድ ሰርቨር ላይ መቀመጥ ጀምሯል። መምህሩ የመዘገበውን ውጤት የመዝገብ ቤቱ ሠራተኛ እንደገና መገልበጥ ሳያስፈልገው ወዲያውኑ ስለሚያገኘው የዚህ አሠራር ጠቃሚነት አያጠራጥርም። ይሁን እንጂ ቀደም ሲል በአንድ ቁልፍ ይጠበቅ የነበረው ማኅደር አሁን በሽቦ ወይም በአየር ሞገድ ከክፍል ወደ ክፍል የሚመላለስ በመሆኑ የአጠባበቁም ዘዴ መለወጥ ይኖርበታል።

ጥበቃን እንደ አንድ ነገር ብቻ መመልከት በዕቅድ አወጣጥ ላይ ስሕተት ያስከትላል። መመለስ ያለባቸው ጥያቄዎች ሦስት ናቸው። አንደኛ፣ ፋይሉን የጠየቀው ሰው በእርግጥ ማን ነው? ሁለተኛ፣ የተላከው ጽሑፍ በመንገድ ላይ ሳይለወጥ ደርሷልን? ሦስተኛ፣ በመንገድ ላይ ሌላ ሰው አንብቦታልን? የመጀመሪያውን የማንነት ማረጋገጫ፣ ሁለተኛውን በስሌት የሚታተም ማኅተም፣ ሦስተኛውን ደግሞ ምስጠራ ይመልሳል። እያንዳንዱም የየራሱ ዋጋ አለው።

ሀ. በእምነት ላይ የተመሠረተው አሠራር

ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1984 ያዘጋጀው ኤን ኤፍ ኤስ የተሰኘው የፋይል መጋሪያ ሥርዓት እስከ ዛሬ በሥራ ላይ ይገኛል። በተለመደው አሠራሩ እያንዳንዱ ተጠቃሚ መለያ ቁጥር አለው፤ ጠያቂው ኮምፒዩተር «ይህ ጥያቄ የቁጥር 1005 ነው» ሲል ሰርቨሩ ያለ ተጨማሪ ማስረጃ ይቀበለዋል። ኮምፒዩተሮቹ ሁሉ በአንድ ኃላፊ ቁጥጥር ሥር በሚሆኑበት ቦታ ይህ ብዙም አያሳስብም። ነገር ግን አንድ ተማሪ የራሱን ላፕቶፕ ከመረቡ ጋር አገናኝቶ የመምህሩን ቁጥር ለራሱ ቢሰጥ፣ ሰርቨሩ መምህሩ የመጣ ይመስለዋል፤ 48 የነበረው ውጤትም 84 ሆኖ ሊገኝ ይችላል። መግባት የሚፈቀድላቸውን ኮምፒዩተሮች በአድራሻቸው መወሰን በመጠኑ ይረዳል፤ ዳሩ ግን አድራሻም በሐሰት ሊያዝ ይችላል።

ለ. የማንነት ማረጋገጫ

ለዚህ ችግር መፍትሔ ከሆኑት አንዱ ኬርቤሮስ የተባለው ሥርዓት ነው። የመነጨውም የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት እ.ኤ.አ. በ1983 ከጀመረው አቴና ከተሰኘው ፕሮጀክት ነው። ስሙም በግሪክ አፈ ታሪክ የሙታንን ዓለም በር ከሚጠብቀው ባለ ሦስት ራስ ውሻ የተወሰደ ነው። ተጠቃሚው ማንነቱን ለአንድ ማዕከል ካስረዳ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓቶች የሚያገለግል ትኬት ይቀበላል፤ ሰርቨሩ የሚያምነው ይህንኑ ትኬት ነው። የይለፍ ቃሉ ራሱ በመረቡ ላይ አይተላለፍም።

ዋጋው ግን ቀላል አይደለም። ማዕከሉ መብራት ጠፍቶበት ቢቆም አዲስ ትኬት የሚያገኝ ሰው አይኖርም፤ ስለዚህ ተጠባባቂ ማዕከል ያስፈልጋል። ከዚህም ሌላ በኮምፒዩተሮቹ ሰዓት መካከል እንደተለመደው ከ5 ደቂቃ የበለጠ ልዩነት ካለ ትኬቱ ተቀባይነት ያጣል። የሰዓት ባትሪው በደከመ አሮጌ ኮምፒዩተር ላይ ይህ በቀላሉ ይደርሳል። በኢትዮጵያ ደግሞ ሌላ ምክንያት ይጨመራል፤ ይኸውም አንድ ሠራተኛ ኮምፒዩተሩ ከጧቱ 9 ሰዓት ሲል አይቶ በአገሩ አቆጣጠር 3 ሰዓት ለማድረግ ቢያስተካክለው የ6 ሰዓት ልዩነት ይፈጠራል፤ ትክክለኛ የይለፍ ቃል ያለውም ሰው ከበሩ ይመለሳል። መድኃኒቱ ሰዓቱን ሁሉ ከአንድ ምንጭ በራሱ እንዲቀበል ማድረግ ነው።

ሐ. ምስጠራ

እ.ኤ.አ. በ1997 በወጣው ደንብ መሠረት ኤን ኤፍ ኤስ ከኬርቤሮስ ጋር ሲሠራ ሦስት ደረጃዎች አሉት፤ እነርሱም ማንነትን ብቻ ማረጋገጥ፣ ማኅተም መጨመር፣ ሁሉንም መመስጠር ናቸው። የሥርዓቱ አራተኛ ዕትም ደንብ እ.ኤ.አ. በ2003 ሲታደስ አምራቾች ይህን ጥበቃ እንዲያካትቱ አስገድዷል፤ ተጠቃሚዎች እንዲከፍቱት ግን አላስገደደም። ስለሆነም አንድ መሣሪያ ጥበቃ «አለው» ማለትና ጥበቃው «ይሠራል» ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ዕቅድ አውጪዎች ሊያስተውሉ ይገባል።

ምስጠራ የማስላት ድካም ይጠይቃል። እ.ኤ.አ. ከ2010 ወዲህ ኢንቴል ለዚሁ ሥራ የተለዩ ትእዛዞችን በፕሮሰሰሮቹ ውስጥ ማስገባት ስለጀመረ በአዳዲሶቹ ላይ መዘግየቱ ቀንሷል፤ በአሮጌዎቹ ግን ይታያል። በዊንዶውስ ኮምፒዩተሮች የሚሠራበት ኤስ ኤም ቢም ምስጠራን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። ለአንድ ማኅደር ብቻ ሊከፈት መቻሉ ጥቅም ሲሆን፣ ዊንዶውስ 7 ያለው ኮምፒዩተር ወደተመሰጠረው ማኅደር መግባት አለመቻሉ ደግሞ ጉዳቱ ነው።

ምስጠራ የማንነትን ማረጋገጫ እንደማይተካም መታወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ደንብ ኤን ኤፍ ኤስን ያለ ኬርቤሮስ ለመመስጠር አስችሏል፤ ነገር ግን የምስክር ወረቀቱ የሚመሰክረው ስለ ኮምፒዩተሩ እንጂ በፊቱ ስለተቀመጠው ሰው አይደለም። እንዲሁም በመንገድ ላይ የተመሰጠረ ፋይል ሰርቨሩ ዲስክ ላይ ሲደርስ ግልጽ ሆኖ ይቀመጣል። ዲስኩ ቢሰረቅ ፋይሉ እንዳይነበብ ዲስኩም መመስጠር ይኖርበታል፤ በዚህ ጊዜ ቁልፉ ቢጠፋ ለባለቤቱም የሚከፈት ነገር አይኖርም።

መ. መደምደሚያ

በጠቅላላው የጥበቃው መጠን ከፋይሉ ዓይነት ጋር ሊመጣጠን ይገባል። ለማስተማሪያ ጽሑፎች ማንነትን ማረጋገጥ ይበቃል። ለውጤት መዝገብ ማኅተም ሊጨመርበት ያስፈልጋል። ለፈተና ረቂቅና ለግል ማኅደር ምስጠራ የግድ ነው። ሁሉንም በአንድ መጠን ማጥበቅ ጥንቃቄ ቢመስልም፣ ሥራው የከበደበት መምህር የይለፍ ቃሉን ለባልደረባው ያውሳል፤ ወይም ፋይሉን በፍላሽ ዲስክ ይዞ ይዞራል። ያን ጊዜ ጥበቃው በወረቀት ላይ ብቻ ይቀራል። ማንነትን ማረጋገጥ ከሁሉ ሊቀድም የሚገባውም 48 ወደ 84 ሲለወጥ የሚጎዳው መዝገቡ ብቻ ሳይሆን፣ በሚገባ ሠርቶ 84 ያገኘው ተማሪ ጭምር በመሆኑ ነው።