ሰፋሪው ገበሬ የሚፈራው ረሃብን ብቻ ነውን?

ስለ ሰፈራ በተነሣ ቁጥር ክርክራችን የሚሽከረከረው በመንግሥታት ዙሪያ ነው። ደርግ በ1977 እና በ1978 ዓ.ም ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ እያፈሰ መተከል፣ ወለጋ፣ ኢሉባቦር፣ ከፋና ጋምቤላ አወረደ። ኢሕአዴግ በበኩሉ በ1995 ዓ.ም 2.2 ሚሊዮን ሕዝብ በሦስት ዓመት ውስጥ በየክልሉ አሰፍራለሁ ብሎ ተነሣ። ማን አስገደደ፣ ስንቱ አለቀ እየተባባልን እንሟገታለን፤ ይህም ተገቢ ነው። ለመሆኑ ግን ገበሬው ራሱ አደጋውን በምን ሚዛን መዘነው?

እኔ የወሎ ልጅ ነኝ። ከዘመዶቼ ፓዌ የወረዱ አሉ። እነሱ ሲያወጉ የሰማሁት ባለሙያ ከሚጽፈው ጋር ሁልጊዜ አይገጥምም። ባለሙያው ወባን ያስቀድማል። ወባ ደገኛውን እንደፈጀው አይካድም። ዘመዶቼ ግን ከወባ እኩል የሚያነሡት ገንዲን ነው። ሰው ቢታመም ይድን ይሆናል፤ በሬው በገንዲ ያለቀበት ገበሬ ግን የሰው እጅ ጠባቂ ነው። በፓዌ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መሬቱ የሚታረሰው በትራክተር ነበር። በጣሊያን ገንዘብ ይካሄድ የነበረው የጣና በለስ ፕሮጀክት በመንግሥት ለውጡ ሰሞን ሲቋረጥ፣ ሰፋሪው ትራክተርም በሬም የሌለው አራሽ ሆኖ ቀረ። ይህን አደጋ ማን አስቀድሞ ነገረው?

ሁለተኛው ፍርሃት የመሬት ነው። በ1983 ዓ.ም ደርግ ሲወድቅ ብዙ ሰፋሪ በእግሩ ወደ ወሎ ተመለሰ፤ መሬቱ ግን ለሌላ ተከፋፍሎ ጠበቀው። ስለዚህ በ1995ቱ ሰፈራ የለቀቃችሁት ማሳ ለሦስት ዓመት አይነካባችሁም ሲባል፣ ብዙው ገበሬ ባልን ልኮ ሚስትን ማሳ ላይ አስቀረ። ከሩቅ ለሚያየው ማወላወል ይመስላል። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ ብልሃት አይታየኝም፤ መሬቱ የመንግሥት በሆነበት አገር የሦስት ዓመት ተስፋ ምን ያህል እንደሚያስተማምን ገበሬው ከማንም በላይ ያውቃል።

ሦስተኛው ጎረቤት ነው። መተከል ጠፍ መሬት ነው ተብሎ ነበር፤ ጠፍ ግን አልነበረም፣ የጉሙዝ አገር ነበር። ጉሙዙን ማንም አላማከረውም፤ ሰፋሪውም ማን መሬት ላይ እንደሚወርድ አልተነገረውም። ቂሙን የተሸከሙት ግን ሁለቱ ናቸው። በሰኔ 2014 ዓ.ም በምዕራብ ወለጋ ቶሌ ከተጨፈጨፉት መካከል ብዙዎቹ የነዚያ የ1977 ሰፋሪዎች ልጆችና የልጅ ልጆች ነበሩ። እዚያው ተወልደው፣ እዚያው አርሰው፣ ስማቸው ግን ከ“መጤ” አልወጣም ነበር።

ከወለጋ ሸሽተው ደብረ ብርሃን መጠለያ የገቡት ወደ ቀያችሁ ተመለሱ ሲባሉ የጠየቁት ስንት ኩንታል ስንዴ ይሰጠናል ብለው አይደለም። መሬታችንን ማን ይዞታል? ሌሊት ማን ይጠብቀናል? ነበር ያሉት።