የቤተ ጊዮርጊስ ሽበት

የላሊበላውን ቤተ ጊዮርጊስ ከአፋፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል የሚያይ ሰው ግድግዳው ወጥ ቀይ አለመሆኑን ያስተውላል። በቀዩ ድንጋይ ላይ ብጫ፣ ብርቱካናማና አመድማ ጠቃጠቆ ተነጥፎበታል። ማንም አልቀባውም፤ ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ሳይንሱ ላይከን ይለዋል። ከኩልመስክ እስከ አቡነ ዮሴፍ ባለው የላስታ ደጋ አለቱ ላይ እንደ ሽበት የሚለጠፈው፣ ከጽድ ቅርንጫፍ ላይ እንደ ጢም የሚንጠለጠለውም የዚሁ ወገን ነው። ላይከን ተክል ይመስላል እንጂ ተክል አይደለም። ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበት ጎጆ ነው፤ ፈንገሱ ቤት ይሠራል፣ እርጥበት ይይዛል፤ አልጌው ከፀሐይ ምግብ ያዘጋጃል። ስዊዘርላንዳዊው ሲሞን ሽቬንደነር በ1860ዎቹ እ.ኤ.አ. ይህን ሲናገር ብዙ የዘመኑ ሊቃውንት ሊቀበሉት አልፈለጉም። እሱም ቢሆን ትዳር አላለውም፤ ፈንገሱን ጌታ፣ አልጌውን ባሪያ አድርጎ ነው የሣለው።

የላሊበላ ድንጋይ ከእሳተ ገሞራ የወጣ፣ ቀዳዳ የበዛበት ስለሆነ ለዚህ እንግዳ ይመቻል። የፈንገሱ ክሮች በቀዳዳው ይገባሉ፤ አሲድ ያመነጫሉ፤ በክረምት ጠጥተው ያብጣሉ፣ በበጋ ደርቀው ይሸበሸባሉ፤ ድንጋዩም አብሯቸው ይሳባል። በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት የአብያተ ክርስቲያናቱን ድንጋይ በማይክሮስኮፕ መርምሮ እንዲህ ያሉ ሕያዋን ለመጎዳቱ ድርሻ እንዳላቸው አሳይቷል። ታዲያ ፍቆ መጣል አይሻልም? አይሻልም፤ ቢያንስ መጀመሪያ ላይ አይደለም። ላይከን የሚሰፍረው ውሃ በሚያድርበት ቦታ ነው። ውሃው ሳይያዝ ላይከኑን መፋቅ ውሃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው፤ በዚያ ላይ ክሮቹ የጨበጡት የድንጋይ ቅንጣት አብሮ ይነሳል፣ የቆሰለው ገጽ ደግሞ ለሚቀጥለው እንግዳ ይበልጥ ይመቻል። ውሃን በሽፋን ለመዝጋትም ተሞክሯል። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው አርክቴክት ሳንድሮ አንጀሊኒ ከመራው ጥገና ሥራዎች አንዱ ቀድሞ የተቀባን ሬንጅ ማስወገድ ነበር። ቀዳዳማ ድንጋይን በሬንጅ ማሸግ እርጥበቱ እንዳይገባ ብቻ ሳይሆን የገባው እንዳይወጣም ያደርጋል።

ጣሪያ ማልበስስ? በ2008 እ.ኤ.አ. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ቤተ መድኃኔዓለምን፣ ቤተ ማርያምን፣ ቤተ አማኑኤልንና ቤተ አባ ሊባኖስን የሚጋርዱ መጠለያዎች ቆሙ። ዝናቡ ቀረ፤ ያለ ውሃ ደግሞ ላይከን አያድግም። ይህ ክርክር ጠንካራ ነው፤ ቢሆንም የላይከን መድረቅ ስንጥቅን አይደፍንም። ለጊዜው ተብለው የቆሙት ግዙፍ ምሰሶዎችም ራሳቸው ስጋት ሆነው በ2018 እ.ኤ.አ. የከተማው ሕዝብ ይነሱልን ብሎ ሰልፍ ወጥቷል። በሌላ በኩል አንዳንድ ተመራማሪዎች ላይከን ድንጋዩን ከዝናብ ምትና ከነፋስ እንደ ካባ ይከልለዋል ይላሉ። እውነት አላቸው፤ ለጠንካራና ለጥ ላለ ግድግዳ። ጥልቅ ባልሆነ ቅርጽ የተጌጠ ለስላሳ ድንጋይ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ሲያጣ ሥዕሉን ያጣል። ስለዚህ ፍርዱ ግድግዳ በግድግዳ መሰጠት አለበት እንጂ በጅምላ አይሆንም።

የሚገርመው፣ በሌላው ዓለም ከተሞች ሰው ገንዘብ ከፍሎ ግድግዳውን አረንጓዴ ያለብሳል። እርጥብ ድንጋይን እንደ ለስላሳ ምንጣፍ የሚሸፍነውን ሞስ በርሊንን በመሳሰሉ ከተሞች አየር እንዲያቀዘቅዝ ይተክሉታል። እዚያ ደግሞ ፈንገስ ጠላት ይሆናል። ሞስ እውነተኛ ሥር የለውም፣ በቅጠሉ ነው የሚጠጣው፤ ነፋስ ሳያገኝ ሲረሰርስ ለብስባሽ ይጋለጣል። እንጆሪና ወይን የሚያበሰብሰው ቦትራይቲስ የተባለ ግራጫ ሻጋታ ሞስንም እንደሚያጠቃ በቤተ ሙከራ ታይቷል። አዲስ አበባ ውስጥ ሕንፃውን ሞስ ለማልበስ የሚያስብ ካለ ከፀረ ፈንገስ መድኃኒት በፊት የሚጠይቀው ያው ነው፦ ውሃው በየት ገብቶ በየት ይወጣል?

የላሊበላ ጠራቢዎች ይህን ጠይቀው ነበር። የቤተ ጊዮርጊስን ጣሪያ በመስቀል ሲያስጌጡ የውሃ መውረጃም አብረው ፈልፍለውለታል፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያም ጎርፍ የሚወጣባቸው ቦዮች አሉ። ቦይ አፈር ከሞላው ውሃው ወደ ግድግዳው ይመለሳል። ለዚያ የሚያስፈልገው መሣሪያ አካፋ ነው፤ ጊዜውም ከሐምሌ በፊት።