ነፋስን ከጀርባ አድርጎ፦ የሰባቱ እህትማማቾች መንገድ

በእንግሊዝ ደቡባዊ ጠረፍ፣ ሱሴክስ ውስጥ፣ ሣር የለበሱት ኮረብቶች ባሕሩ ጋ ሲደርሱ በቢላ እንደተቆረጡ ይቀራሉ። ከኩክሚር ወንዝ አፍ እስከ በርሊንግ ጋፕ ድረስ ያለው ነጭ ገደል ጠመኔ ነው፤ በጥቁር ሰሌዳ ላይ በምናውቀው ስም የሚጠራ ድንጋይ። ጉብታዎቹን የአገሬው ሰው «ሰቨን ሲስተርስ» ይላቸዋል፣ ሰባቱ እህትማማቾች ማለት ነው። እየቆጠረ የሄደ ሰው ግን ስምንት ያገኛል። ስምንተኛዋ ዝቅ ያለች በመሆኗ ሳትቆጠር ቀርታለች።

ሲኒማ የሚወድ ሰው ቦታውን ሳያውቀው አይቶት ይሆናል። ስለ ዶቨር ገደሎች የሚተርኩ ፊልሞች ብዙ ጊዜ የሚቀረጹት እዚህ ነው። ዶቨር ወደብና ግንባታ ሲበዛበት፣ የሰቨን ሲስተርስ ፊት በየጊዜው እየተናደ አዲስና ነጭ እንደሆነ ይኖራል።

ከእህትማማቾቹ ትልቋ ሄቨን ብራው 77 ሜትር ብቻ ናት። ደጋ ላይ ያደገ አንባቢ በዚህ ቁጥር ቢስቅ አይፈረድበትም። ጉልበት የሚጨርሰው የወጡትን ወዲያው መውረዱ፣ የወረዱትን ደግሞ እንደገና መውጣቱ ነው። ከሲፎርድ ከተማ ተነስቶ ኢስትቦርን የሚደርሰው መንገድ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። በዚያ ላይ ኩክሚር ባሕሩ ጋ ሲደርስ ድልድይ ስለሌለው፣ ተጓዡ ኤክሲት እስከተባለው ድልድይ ድረስ ወደ ውስጥ ገብቶ ወንዙን ከተሻገረ በኋላ ወደ ጠረፉ ይመለሳል።

በዚህ መንገድ ላይ ከርቀቱ ይልቅ ቀኑን የሚወስነው ነፋስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ከደቡብ ምዕራብ፣ እንግሊዝን ከፈረንሳይ ከሚለየው ባሕር በኩል ነው። ለዚህ ምስክሮቹ በየቦታው ያሉት እሾሃማ ቁጥቋጦዎች ናቸው፤ ሁሉም ወደ ሰሜን ምሥራቅ አዘንብለው አድገዋል። ስለዚህ ከሲፎርድ ወደ ኢስትቦርን መሄድ ይሻላል፤ ነፋሱ ከጀርባ ይገፋል። በተቃራኒው የመጣ ሰው ቀኑን ሙሉ ሲታገል ይውላል።

ነፋስ ከሜዳ ወደ ጉብታ ሲወጣ መተላለፊያው ስለሚጠብበት ጫፉ ላይ ይፈጥናል። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ደግሞ ግፊቱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚነፍሰው ፊትን ያቀዘቅዛል፣ ደስም ይላል። 60 ሲደርስ ግን የብሪታንያ የባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ፍራንሲስ ቦፎርት እ.ኤ.አ. በ1805 ባወጣው መለኪያ ደረጃ 7 ላይ ነው፤ ወደ ነፋሱ መራመድ ይከብዳል። ጃንጥላ እንኳ ከአንድ ደረጃ በፊት ጀምሮ አስቸጋሪ ሆኗል። ወደ ሸለቆው ሲወርዱ ነፋሱ ዝም ይላል፤ ሰው ልብሱን መክፈት ይጀምራል፤ ቀጣዩ ጫፍ ላይ እንደገና ይመታዋል። ከሁሉ የሚያሰጋው የነፋሱ ወጣ ገባነት ነው። ሰውነቱን ወደ ነፋሱ ደግፎ የሚሄድ ሰው፣ ነፋሱ ድንገት ቢቋረጥ ይንገዳገዳል። ይህ ደግሞ ከገደል አጠገብ የሚፈለግ ነገር አይደለም።

ገደሉ ራሱ የሚታመን አይደለም። ማዕበል ከሥሩ እየበላው፣ ከላይ ጠንካራ የሚመስለው ሣር ከታች ባዶ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ በአካባቢው ገደሉ ለብዙ ሺህ ዓመታት ወደኋላ ሲሸሽ የነበረው በዓመት ከ2 እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ነበር፤ ባለፉት 150 ዓመታት ግን ከ22 እስከ 32 ሴንቲ ሜትር ደርሷል። አንዱ ምክንያት የገደሉን እግር ከማዕበል ይከልል የነበረው የጠጠር ዳርቻ መሳሳቱ ነው። በዳር ቆሞ ፎቶ መነሳት ለሚወድ ሰው ከዚህ የተሻለ ማስጠንቀቂያ የለም። በርሊንግ ጋፕ ላይ ለባሕር ጠባቂዎች ከተሠሩት ተያያዥ ቤቶች የተወሰኑት ገደሉ ስለደረሰባቸው ፈርሰዋል።

ቤል ቱት የተባለው የመርከብ መብራት ማማ ግን አመለጠ። እ.ኤ.አ. በ1830ዎቹ ተሠርቶ፣ ጭጋግ ብርሃኑን እየሸፈነ ስላስቸገረ በ1902 ሥራውን ከገደሉ ግርጌ ባሕሩ ውስጥ ለተተከለው አዲስ ማማ አስረከበ። ገደሉ እየቀረበው ሲመጣ፣ በ1999 መሐንዲሶች 850 ቶን የሚመዝነውን ሕንፃ በሃይድሮሊክ ክሪክ አንስተው፣ ግራሶ በተቀባ የኮንክሪት ሐዲድ ላይ እየገፉ 17 ሜትር ወደኋላ ወሰዱት። እንዲህ ያለ ሥራ ያየ መንገደኛ ጥቂት ነው፤ ቢያንስ ቆም ብሎ ዙሪያውን መቃኘት ይገባዋል።

ከቤል ቱት በኋላ መንገዱ ወደ ቢቺ ሄድ ይወጣል። 162 ሜትር የሚረዝመው ይህ ገደል በብሪታንያ ካሉት የጠመኔ የባሕር ገደሎች ሁሉ ከፍተኛው ነው። ነፋሱም እዚያ ይበረታል፤ ነፋስ የማያስገባ ጃኬትና ጆሮን የሚሸፍን ኮፍያ በበጋም ቢሆን ቦርሳ ውስጥ መኖር አለባቸው። ከዚያ ወዲያ ኢስትቦርን ድረስ ቁልቁለት ነው፤ ከተማው ውስጥ ወደ ለንደን የሚመለስ ባቡር ይገኛል። እግሩ በመንገድ የደከመበት ሰውም በርሊንግ ጋፕ ላይ ጉዞውን ቢያቋርጥ የሚነቅፈው የለም፤ ካፌ አለ፣ ወደ ጠጠሩ ዳርቻ የሚያወርድ ደረጃም አለ።