የጀልባ ውሃ ታንከር እንዴት ይታጠባል?

በለንደን የቤት ኪራይ ተማሮ ቦይ ላይ የሚቆም ጠባብ ጀልባ ውስጥ የገባ ተማሪ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሃው ይጠጣል ወይ?» ብሎ ነው። ይጠጣል፣ ታንከሩ ንጹሕ ከሆነ። ከጓደኛዬ ጋር የምኖርበት ጀልባ 400 ሊትር የሚይዝ የፕላስቲክ ታንከር አለው። ለእረፍት አገር ቤት ደርሰን ስንመለስ የሚጠብቀን ለሳምንታት የተኛ ውሃ ነው። ውሃው ውስጥ የነበረው ክሎሪን በጊዜ ይጠፋል፤ ግድግዳው ላይ ደግሞ የሚያሟልጭ ነገር ይይዛል። ባክቴሪያ የሚሸሸገው እዚያ ነው።

ስለዚህ ከበረኪና በፊት ብሩሽ! ክሎሪን ቆሻሻ ካገኘ ኃይሉን እዚያው ይጨርሳል። ታንከሩን ባዶ አድርገን፣ የውሃ ማጣሪያውን ነቅለን፣ በመክፈቻው እጃችንን አስገብተን እንፈገፍጋለን።

በረኪናው ሽቶም ሳሙናም ያልገባበት ይሁን። 5 በመቶ ከሆነ ለአንድ ሊትር ውሃ 1 ሚሊ ሊትር ይበቃል፤ ለእኛ 400 ሚሊ ሊትር ማለት ነው። ታንከሩን እየሞላን እንቀላቅላለን፤ ከዚያ ከሥር ባልዲ ይዘን እያንዳንዱን ቧንቧ፣ የሻወሩንም ጭምር፣ በረኪና በረኪና እስኪሸት እንከፍታለን። ዘግተን 4 ሰዓት እንተወዋለን። ከኮምጣጤ ጋር በፍጹም አይደባለቅም፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣዋል። ታንከራችሁ የማይዝግ ብረት ከሆነ ግን ክሎሪን ስለሚበላው አምራቹ የሚፈቅደውን አንብቡ።

ክሎሪን ዓሣ ስለሚገድል ውሃውን ቦዩ ውስጥ አንደፋም። በባልዲ ወደ ፍሳሽ ማስወገጃው እንወስደዋለን፤ አርባ ባልዲ ነው፣ የዚያን ቀን ጂም አያስፈልግም። ሽታው እስኪጠፋ ሁለቴ ሞልተን እናፈስና አዲስ ማጣሪያ እንገጥማለን። መሙያው ጎማ ለመጠጥ ውሃ የተሠራ እንጂ የአትክልት ማጠጫ አይሁን።