ባሕር ማዶ ሳይሆን ባሕር መሀል ልግባ?

ጥያቄው የመጣው ከጎብዬ ነው። ጠያቂያችን የ24 ዓመት ወጣት ናት፤ ስሟ ይቆየን። እጮኛዋ ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት አስተማሪ ነው። “ነይና አብረን እንኑር” ይላታል። እሷ ደግሞ ደሴት ሲባል እስር ቤት ይመስላታል።

እስቲ እናወዳድር። ጎብዬ ሙቀቱ ቢያነድም፣ ዝናቡ ቢከዳም፣ የወልድያ ቆቦ አስፋልት ደጇ ላይ ነው። ምጥ ቢመጣ መኪና ይለመናል። ደቅ ዓሣው አለ፣ የእቴጌ ምንትዋብ ናርጋ ሥላሴም አለች። ግን ሌሊት ሕመም ቢነሳ ወሳኙ ጀልባና ማዕበል ነው።

ፈረንጆቹም ዘንድ ያው ነው። ናፖሊዮን በግዞት የሞተባት ቅድስት ሄለና መደበኛ የመንገደኞች በረራ ያየችው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ወጣቶቿ ሥራ ፍለጋ ይሰደዳሉ። ትሪስታን ዳ ኩና ግን ዛሬም አውሮፕላን ማረፊያ የላትም፤ ከኬፕታውን በመርከብ ሳምንት ገደማ ነው። ሕዝቧ 300 እንኳ አይሞላም። ታዲያ በ1961 እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ወደ እንግሊዝ የተወሰዱት ነዋሪዎቿ፣ የከተማውን ኑሮ ቀምሰው ሲያበቁ አብዛኞቹ በ1963 ተመለሱላችሁ! መሬታቸው የጋራ ነው፣ ጎረቤቱም ዘመድ ነው።

እህታችን፣ ፍቅሩን አንጠራጠርም። ጠቅልለሽ ከመግባትሽ በፊት ግን እህትሽን ይዘሽ ሄደሽ ሰንብቺበት። ጀልባው በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ነፍሰ ጡር ስትታመም ማን እንደሚያሻግራት፣ አንቺስ ምን ሠርተሽ የራስሽን ብር እንደምታገኚ ጠይቂው። “እሱ ቀላል ነው” ብሎ ካለፈሽ፣ ዝውውር ይጠይቅና እሱ ወደ ጎብዬ ይምጣ።