ያውቁ ኖሯል? ሶላርዎ ክረምትን እንዲሻገር

በሰኔ አዲስ አበባ ላይ ቀኑ ከታኅሣሥ ቀን አንድ ሰዓት ያህል እንደሚረዝም ያውቁ ኖሯል? የሶላር መብራት ቶሎ የሚጠፋው ግን በክረምት ነው። ጥፋቱ የደመናው ነው፤ ሰማዩ ድፍን ሲል አንድ ፓኔል ከተጻፈበት ዋት ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ከ10 እስከ 25 በመቶውን ብቻ ነው።

ብርዱስ? ብርዱ ወዳጅ ነው። ፓኔል ላይ የሚጻፈው ዋት የሚለካው በካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን እያረፈበት፣ የራሱ ሙቀት 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ነው። ከዚያ በላይ ሲግል በየዲግሪው ከ0.3 እስከ 0.5 በመቶ የሚሆን ኃይል ያጣል። ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ በደመና መሀል ብቅ ስትል፣ የቀዘቀዘው ፓኔል ለጥቂት ደቂቃ ከበጋው ቀትር የበለጠ ሊያመነጭ ይችላል፤ የደመናው ጠርዝ ተጨማሪ ብርሃን ይበትንለታልና።

«ፓኔል ፊቱ ወደ ደቡብ ይሁን» የሚለው ምክር ለእኛ ክረምት እንደማይሠራስ ያውቁ ኖሯል? አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ያህል ላይ ናት። ስለዚህ ከሚያዝያ መጀመሪያ እስከ ነሐሴ መጨረሻ ገደማ የቀትር ፀሐይ የምታልፈው በሰሜን በኩል ነው፤ በሰኔ አጋማሽ ከአናታችን 14 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ትርቃለች። በ30 ዲግሪ ወደ ደቡብ ያዘነበለ ፓኔል ያን ጊዜ በቀትር ከቀጥታው ብርሃን ከሩብ በላይ ያመልጠዋል። ይህ አተካከል ፀሐይ ዝቅ ብላ ለምትዞርበት አገር የታሰበ ነው። ዋሽንግተን ዲሲ ላይ የታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ከአድማስ 28 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል፣ እዚያ ያሉ ወገኖቻችን ፓኔላቸውን ቀና ቢያደርጉት ትክክል ናቸው። እዚህ ግን ደመናው ብርሃኑን ከመላው ሰማይ ስለሚበትነው፣ ወደ ላይ የተገለጠ ፓኔል ይሻላል። 10 ዲግሪ ያህል ተዳፋት ይበቃዋል። ጨርሶ ያለ ተዳፋት ከተቀመጠ ግን ዝናቡ አቧራውን አጥቦ አይወርድም።

ዝናብ ሁሉን ነገር ያጥባል ብለው አይተዉት። የፓኔሉን የታችኛውን ጠርዝ ጠጋ ብለው ይመልከቱ፤ ውሃው ፍሬሙ ላይ እየቆመ ሲደርቅ ቀጭን የጭቃ መስመር ይተዋል፤ የወፍ ኩስም እዚያው ደርቆ ይቀራል። የተለመደው የ12 ቮልት ፓኔል 36 ሴሎች በተከታታይ የተያያዙበት ነው። አንድ ሴል በቅጠል ወይም በጭቃ ሲሸፈን፣ እንደተረገጠ የውሃ ቱቦ የሌሎቹንም ፍሰት ያንቃል። በክረምት የሚለመልመው የጎረቤት ባሕር ዛፍም በበጋ ያልነበረ ጥላ ሊያመጣ ስለሚችል፣ ጠዋትና ከሰዓት ቆም ብለው ጣሪያዎን ይዩ።

ሐምሌና ነሐሴ ባትሪ የሚገድሉ ወራት መሆናቸውንስ? እርሳስና አሲድ ያለበት ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞልቶ ጥቂት ሰዓት ሲያርፍ 12.7 ቮልት ገደማ ያሳያል፤ 12.2 ሲደርስ ግማሹ ወጥቷል ማለት ነው። ከዚያ በታች ወርዶ ለቀናት ሳይሞላ ከቆየ፣ ሰሌዳዎቹ ላይ የሰልፌት ክሪስታል ይጋገርና የመያዝ አቅሙ አይመለስም። ቴሌቪዥኑን አንድ ምሽት ማጥፋት አዲስ ባትሪ ከመግዛት ይሻላል፤ ይህን ምክር በሙሉ ልብ እሰጣለሁ። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ ሲጎድል የሚጨመረው የባትሪ ውሃ ነው፤ የቧንቧ ውሃ ማዕድን ስላለበት ይጎዳዋል።

ብዙ ሰው በክረምት ኃይል ሲያጥረው ሁለተኛ ባትሪ ይገዛል። ይህ ገንዘብ የሚባክንበት ቦታ ይመስለኛል። ያለውን ባትሪ መሙላት ያቃተው ፓኔል ሁለቱን እንዴት ይሞላል? ሁለቱም ሳይሞሉ ከርመው አብረው ይበላሻሉ። ገንዘቡ ከተገኘ መጀመሪያ ፓኔል ይጨመር፤ የቻርጅ መቆጣጠሪያው የሚችለው አምፔር ግን አስቀድሞ ይታይ።

መቆጣጠሪያው ራሱ ኃይል ሊያስቀር እንደሚችልስ? ፒደብሊውኤም የሚባለው ርካሹ ዓይነት የፓኔሉን ቮልት ወደ ባትሪው ቮልት ያወርደዋል። በ18 ቮልት ሙሉ ኃይሉን የሚሰጥ ፓኔል ወደ 12.5 ሲወርድ 30 በመቶ የሚጠጋው ይቀራል። ኤምፒፒቲ የተባለው ግን ትርፉን ቮልት ወደ አምፔር ይለውጠዋል።

ገመዱም ኃይል ይበላል። ከጣሪያ እስከ ባትሪ 10 ሜትር ርቀት በ2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ገመድ 8 አምፔር ሲሄድ፣ ደርሶ መልሱ 1.1 ቮልት ያህል ያስቀራል። በ6 ካሬ ሚሊ ሜትር ቢቀየር ኪሳራው ከግማሽ ቮልት በታች ይሆናል።

የባትሪውን 12 ቮልት ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው ኢንቨርተር ምንም ሳይሰካበት በርቶ ሲያድርም ባትሪ ይጨርሳል። ለ12 ቮልት የተሠራ የስልክ ቻርጀርና የኤልኢዲ አምፖል በቀጥታ ከ12 ቮልቱ መስመር ይሥሩ።

ከባዱ ወቅት ለሁሉም አንድ እንዳልሆነስ ያውቁ ኖሯል? ቦረና ውስጥ ያቤሎ ዋናው ዝናብ የሚዘንበው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው፤ ሁለተኛው በጥቅምትና በኅዳር ይመጣል። እዚያ ሶላር ያለው ሰው ፓኔሉን አጥቦ፣ ገመዱን አጥብቆ፣ ባትሪውን ለክቶ መጨረስ ያለበት በየካቲት ነው።