ጽፎ መልሶ ማንበብ፦ የደረሳው ሥርዓት ለሺሺንዳ ልጆች



ሺሺንዳ ላይ የሚያድግ ሙስሊም ልጅ ገና በልጅነቱ ከሦስት ፊደል ጋር ይተዋወቃል። ትምህርት ቤት ካፊኖኖን በላቲን፣ አማርኛን በግዕዝ ፊደል ይማራል፤ መድረሳ ሄዶ ደግሞ ቁርኣን ይቀራል። ይህ ሁሉ ፊደል እያለው አያቱ የነገሩትን አንድ ወግ እንኳ ጽፎ የማያውቅ ብዙ ነው።

ጥፋቱ የልጁ አይደለም። እኔ ራሴ ሳስተምር «ክረምቱን እንዴት አሳለፍክ?» የሚል ርዕስ ሰጥቼ ሃምሳ ተመሳሳይ ወረቀት ሰብስቤያለሁ። ልጆቹ የሚጽፉት ለእርማት እንጂ ለሚያነብ ሰው አልነበረም።

መፍትሔው ከቤታችን አይርቅም። በዑለሞች ዘንድ ሙቃበላ የሚባል ሥርዓት አለ። ደረሳው ኪታብ ገልብጦ ዝም ብሎ አያስቀምጠውም፤ ሸይኹ ፊት ተቀምጦ ያነበዋል፣ ዋናውን ቅጂ የያዘው ያዳምጣል፣ የተዘለለው ቃል ኅዳጉ ላይ ይገባል። የሐዲሥ ኪታቦች ከስሕተት የተጠበቁት በዚህም ጭምር ነው።

ይህንኑ ለወግ ማዋል ይቻላል። አራት አምስት ልጆች ሆነው ጫካ ውስጥ ቀፎ መስቀል የሚያውቁ አባት ዘንድ ይሂዱ። አንዱ ይጠይቅ፣ ሁለቱ ለየብቻ ይጻፉ፣ የቀሩት ያልገባቸውን ይያዙ። መጀመሪያ በተነገረበት ቋንቋ ይጻፍ፤ ወደ አማርኛ መመለሱ ይደርሳል። ክፍል ሲመለሱ ሁለቱ ጽሑፎች ይነጻጸራሉ፣ ክርክር ይነሳል። (ሰዋስው እንደዚያ ሰዓት የሚገባበት ጊዜ የለም።) ከዚያ ወደ አባት ተመልሰው ድምፅ አውጥተው ያነቡላቸዋል። «እኔ እንዲህ አላልኩም» ካሉ ይታረማል።

ድምፅ አውጥቶ ማንበቡ ለካፋ ሌላም ምክንያት አለው። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በ15 ቋንቋዎች ሲካሄድ የካፋ ቋንቋ አንዱ ነበር፤ የተጻፈውም በግዕዝ ፊደል ነው። ያኔ ማንበብ የተማሩ እናት ዛሬ የልጅ ልጃቸውን ደብተር ቢከፍቱ ፊደሉ ይከለክላቸዋል፤ ቋንቋው ግን የራሳቸው ነው። ልጁ ሲያነብላቸው እሱ ፊደሉን፣ እሳቸው ቃሉን ያዋጣሉ።

የቡና ለቀማው ሲያልፍ መጀመር ይሻላል፤ በለቀማ ወቅት ልጅ አይገኝም። ወጪው ለየቡድኑ ሁለት ደብተር ነው፤ አንዱ ተራኪው ቤት፣ አንዱ መድረሳው ይቀመጥ። የሰው ወግ አማና ነውና ተራኪው ሳይፈቅዱ ስልክ ላይ አይለቀቅ።